የቅቤ ነጋዴዋ ፈተና

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የፊዚክስ አስተማሪያችን ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ምትክ ይመጣል ተባለና ጠበቅን። ምትኩ ሲመጣ የታሪክ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ዳይሬክተሩ ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ "ለጊዜው እያነበባችሁ ቆዩ" አሉን። በዚያ ዘመን "ለጊዜው" የተባለ ነገር ዕድሜው ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። መጽሐፉን ገለጥኩት። ከግማሽ በኋላ ያለው ኤሌክትሪክ፣ ማግኔትና ብርሃን ለእኔ የተጻፈ አይመስልም ነበር።

ጭንቀቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው ያሳደገን። እኔ መሐንዲስ እንደምሆን ደግሞ ለሰፈሩ ሸማኔ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ማትሪክ ላይ ፊዚክስ ከወደቀብኝ ምህንድስና የሚባል ነገር የለም፤ የሚጠብቀኝ እንደ እናቴ ቤት ተቀምጦ ለአባቴ ክር ማጠንጠን ነው። ክር ማጠንጠን ነውር የለበትም። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እጄ የገባ ክር ሁሉ ይወሳሰባል፣ ሲወሳሰብ እበጥሰዋለሁ፣ ስበጥሰው እናቴ ትጮኻለች።

ስለዚህ አባቴ አስጠኚ መፈለግ ጀመረ። የፈለገውም በሚያውቀው መንገድ ነበር። ነጠላ ሊያሠራ የመጣውን ሰው ሁሉ ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ "ከዘመድዎ መሃል ፊዚክስ የሚያውቅ አለ?" ይል ነበር። አንዷ ሙሽራ የሠርግ ቀሚሷን ለማዘዝ የአጎቶቿን ልጆች ሁሉ መቁጠር ነበረባት።

መጀመሪያ የተገኘው ጳውሎስ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር የኮሌጅ ተማሪ ነው። ፎርሙላውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና፣ "እንደ ዳዊት ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው ስል እራት ይቀርባል። እናቴ ጥቂት ሳምንት ታገሠችና፣ "ይሄ ልጅ ያጠናው የእኛን ወጥ ነው" ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ቀጥሎ አንዲት ደንበኛ፣ አዲሱ ገበያ ከቅቤ ተራው ጀርባ ከእናቱ ጋር የሚኖር ወጣት የፊዚክስ አስተማሪ እንዳለ ነገረችን። አባቴ ለራሱ ሊያስቀምጠው የነበረውን አዲስ ጋቢ አጥፎ በብብቱ ያዘና ይዞኝ ሄደ። ሰውየው ቀጭን፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። በረንዳው ላይ የተማሪ ወረቀት እያረመ አገኘነው። አባቴን ተነሥቶ፣ ቆሞ አዳመጠው፤ ጋቢውን ሲዘረጋለት ግን በትሕትና መለሰለት።

"ይቅርታ አባባ፣ ጋቢ አለኝ።"

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። በኋላ በመንገድ ላይ፣ "ለሸማኔ ጋቢ አለኝ ይባላል?" እያለ ሲያጉረመርም ነበር ቤታችን የደረስነው። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ነበር የፈለገው። ወደ እኔ ዞረና፣

"አንቺ እናቴን ታስተምሪልኛለሽ?" አለኝ።

መሠረተ ትምህርት የደራበት ጊዜ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ በየቀበሌው ተመዝግቦ ይማራል፣ በዙሩ መጨረሻ ይፈተናል፣ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። የሰውየው እናት ግን የቀበሌ ወጣቶች በፊት ለፊት ሲገቡ በጓሮ የሚወጡ ሆነው አስቸግረዋል። እሱ ራሱ ሊያስተምራቸው ሞክሮ ለአንድ ሳምንት ተኮራርፈዋል። "ከእኔ አትማርም። አፍንጫህን የጠረግሁልህ እኔ ነኝ ትለኛለች" አለ። ውሉን ሲያስረዳኝ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሰዓት እኔ እናቱን አስተምራለሁ፤ ቀጥሎ አንድ ሰዓት እሱ እኔን ያስተምረኛል።

"አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ" አለኝ። "የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጁን እንዳስጠናለት እየጠየቀኝ ነው። እሑዴ ለእናቴ መሠረተ ትምህርት ነው ብዬዋለሁ፤ ለዚህ መልስ የለውም፣ የአብዮት ግዴታ ነዋ። እናቴ ፈተናውን ያለፈች ቀን ግን ሰዓቱ የልጁ ይሆናል። እምቢ የምልበት አፍ አይኖረኝም።"

ፈተናው ከፋሲካ በፊት ነበር፤ ማትሪክ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ብዙ ቆይቶ። እስከዚያ የተገኘውን እይዛለሁ ብዬ ተስማማሁ። ይህን ሁሉ ስንነጋገር እናትየው ጓሮ ቅቤ እያጠቡ ነበር። የሰሙ አልመሰለኝም።

ሰውየው ማስተማር ያውቅበታል። ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ምንም አልገባኝም ስለው መጽሐፉን ዘግቶ ደጅ አወጣኝና ወደ ገበያው የሚወስደውን ጠባብ መንገድ አሳየኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ጋ ሰው ለምን ይጨናነቃል? መንገዱ ቢሰፋስ? ከኋላ የሚገፋው ቢበዛስ?" መለስኩለት። "ታዲያ ምኑ ነው ያልገባሽ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ ቀስ እያለ የእኔ ይሆን ጀመር። ከእሱ ቤት ስወጣ እየዘለልኩ የምሄድ ነው የሚመስለኝ።

እናትየውም መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበሩ። ከሱሉልታ መንገድ ማዶ ካለው ተራራ የመጡ ሴት ናቸው፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ አማርኛ ይናገራሉ፣ ሲቆጡ ሁለቱንም ያቀላቅላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሱሉልታ የሚወርዱትን ሴቶች ጠብቀው ቅቤ ይረከባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይሸጣሉ። ጠዋት ፀጉራቸው ላይ ያደረጉት ቅቤ ስንማር ይቀልጥና በግንባራቸው ይወርዳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ፊደል ሲቆጥሩ ይስቃሉ፣ ያስቁኛል። "ጰ" ላይ ስንደርስ፣ "ይሄ ለጳውሎስ ብቻ ነው የተሠራው?" ብለው ጠየቁኝ። ለጳጳስም ነው ስላቸው፣ "እንግዲህ እኔን ምን አገባኝ" ብለው አለፉት። በጥምቀት ሰሞን አጫጭር ቃል ያነቡ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ባለፈው እሑድ ያነበቡትን በዚህኛው አያውቁትም። "ላ" እና "ሳ" ተምታታባቸው። ከዚያ "በ" እንኳ ጠፋቸው። እኔ ደግሞ እንደ ነገርኳችሁ ትዕግሥት የለኝም። አንድ እሑድ መጽሐፉን ወለል ላይ ጥዬ፣ "እማማ፣ ያወቁትን ነገር እንዴት ነው የሚረሱት? ሆን ብለው ነው?" ብዬ ጮህኩባቸው። የቀበሌ ካድሬ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። እሳቸው መጽሐፉን አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ።

"ዕድሜ ነው ልጄ" አሉኝ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ጾም ገባ። ሁዳዴ የቅቤ ነጋዴ ሥራ የሚፈታበት ወቅት ነው። አንድ ቅዳሜ አባቴ አዲሱ ገበያ ልኮኝ በቅቤ ተራው በኩል ሳልፍ እማማን አየኋቸው። የሚገዛ ሰው የለም። ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በመዳፋቸው አቃንተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ታች ይወርዳሉ። የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ብቻቸውን ሳቁ።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ወረቀቱን አልደበቁም። መደበቅ እንደማይጠቅም ያውቃሉ።

"ምን ይላል?" አልኳቸው።

"አንዱ ሰውዬ ሚስቴ ጥላኝ ሄዳለች፣ ከእንግዲህ ለምትበደረው ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ አሳውጇል። እኔ እሷን ብሆን ጠፋሁ ብዬ እኔም አሳውጅ ነበር።" ደግመው ሳቁ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።

"የዚያን ቀን የተናገራችሁትን ጓሮ ሆኜ ሰምቻለሁ" አሉ። "እኔ ካለፍኩ ሰዓትሽ ለሊቀመንበሩ ልጅ ነው። የሊቀመንበሩ ልጅ ባያልፍም አባቱ አለው። አንቺ ማን አለሽ?"

"እማማ፣ እንዲህማ አይሆንም። እነግረዋለሁ።"

"ምን ብለሽ? ለሊቀመንበሩ ውሸት እንዲናገር ልታደርጊው ነው? ልጄ መዋሸት አይችልም፣ ፊቱ ላይ ይነበባል። እኔ ግን እችላለሁ። ማትሪኩ እስኪያልፍ መሃይም ነኝ፤ ከዚያ ራሴ እነግረዋለሁ፣ እንስቃለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

እየተከራከርኩ ተነሣሁ። ያኔ የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ነውር ነው አልኩ፣ አይገባኝም አልኩ፣ እግዜርም አይወደውም አልኩ። ከገበያው ወጥቼ ወደ ሽሮ ሜዳ ስታጠፍ ግን ውስጤ ደስ አለው። ገና ማግኔት አለ፣ ገና ብርሃን አለ፣ እሑድ አይቀርም። ያ ደስታ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከጩኸቴ ይልቅ እሱ።

ፈተናው ደረሰና ወደቁ። የወደቁት እንዲሁ አልነበረም፤ ከሚያውቁት ውስጥ የትኛውን መተው እንዳለባቸው መርጠው ነው። ውጤቱ እሑድ ዕለት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ያለፉት ስማቸው ሲጠራ ይጨበጨብላቸዋል፣ ያላለፉት ሲጠሩ ተነሥተው ይቆማሉ። ልጃቸው ከፊት ተቀምጧል፣ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። እማማ ሲነሡ ሊቀመንበሩ፣ "የአስተማሪ እናት!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሳቀ። የአንዳንዱ ሳቅ ክፋት አልነበረውም፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ወለሉን ያዩ ነበር።

ቤት ስንገባ ልጅየው ኮቱን ሳያወልቅ ወደ እኔ ዞረ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር የቆያችሁት?"

ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። በዚያ ሁሉ ወራት ድምፁን ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

"ድንጋይ እንኳ ውሃ ሲንጠባጠብበት ይበሳል እማዬ! አንቺ ከድንጋይ ትብሻለሽ? ድንጋይ ነሽ?"

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። እማማ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ፤ ቁጣ አይደለም፣ ልመና ነው። ዘጋሁት። እሱ ወዲያው ተጸጸተና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ እጁን አውርዶ፣ "በይ፣ መጽሐፍሽን አውጪ። ውል ውል ነው" አለኝ። የዚያን ቀን ስለ ሌንስ ተማርን። ሁሉም ገባኝ። እንዲያ ሆኜ እንዴት እንደገባኝ አላውቅም፣ ግን ገባኝ።

የወደቁ ሰዎች በየቅዳሜው ጠዋት ቀበሌ እየሄዱ ከመጀመሪያው እንዲማሩ ታዘዘ። ይህን እማማም እኔም አላሰብነውም ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ ሠርጉ ተከታተለ፣ የቅቤ ገበያው ደራ። የሱሉልታ ሴቶች ንጋት ላይ ወርደው እማማን ሲያጡ ጥቂት ቅዳሜ ጠበቁ፤ ከዚያ ቅቤያቸውን ለሌላ ነጋዴ ሰጡ። ስንት ዓመት ከእሳቸው በቀር ለማንም የማይሰጡ ሴቶች ናቸው። እሑድ እንደወትሮው ላስተምራቸውና ልማር ስሄድ፣ "እማማ፣ ገበያው?" እላለሁ። "ቅቤ የትም አይሄድም" ይላሉ። ይሄድ ነበር እንጂ።

አንድ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ በኩል ሳልፍ በመስኮቱ አየሁ። አንዲት የእኔ እኩያ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማ በዱላ እያመለከተች ሀ ሁ ታስብላለች። አዛውንቶቹ አብረው ይላሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእማማ ድምፅ ነበር። እንደ አዲስ፣ ጮክ ብለው፣ በየመሃሉ አውቀው እየተሳሳቱ። ልጅቷ ስትቆጣቸው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የተቆጣችበት ቃና የእኔ ነበር። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ማትሪክ ደረሰ። የፊዚክሱን ወረቀት ስገለብጠው የማላውቀው ጥያቄ ጥቂት ነበር፤ ካወቅሁት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የተማርነው እማማ ከወደቁ በኋላ ነው። ይህን መካድ አልችልም። ጥያቄዎቹን እያየሁ የትኛው ከፋሲካ በፊት፣ የትኛው ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ አውቀው ነበር።

ከፈተናው ማግሥት ሮጬ ሄድኩ። አሁን ይነገረው ልላቸው ነው። በር ላይ ያገኘኝ ልጃቸው ነበር፤ ፊቱ በርቷል። ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር፣ ሠፈራ ጣቢያ ውስጥ እንዲያስተምር መመደቡን ነገረኝ። ሳይሄድ ለእናቱ አንድ ነገር አድርጎላቸው መሄድ ፈልጎ ቀበሌ ሄዶ ለምኗል። "ትምህርት ከዕድሜዋ በላይ ሆኖባታል፣ ተዉልኝ ብዬ ከመዝገቡ አሰረዝኳት። ቅዳሜዋን መልሼላታለሁ። አንቺም በእሷ የደከምሽው ይበቃሻል።"

እማማ ከኋላው ቆመው ነበር።

"እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" አሉት።

እሱ ዕቃውን ሊያሰናዳ ሲገባ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ "አሁን ይንገሩት እንጂ!" አልኳቸው።

"ደስ ብሎት ሊሄድ ነው፤ እንዴት አድርጌ አሁን ልንገረው? ለዘመን መለወጫ ሲመጣ ተቀምጬ አነብለታለሁ።"

ለዘመን መለወጫ ፈቃድ አልሰጡትም።

ውጤት የመጣው ያን ሰሞን ነው። አልፌያለሁ፤ ምህንድስና ደርሶኛል። አባቴ ሥራ ፈትቶ ሽሮ ሜዳን ከላይ እስከ ታች ዞረው። እኔ ወደ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። እማማ ከድሮው ቦታቸው ራቅ ብለው፣ ተራው ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ቅቤ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሟል። ልጃቸው ካለበት አገር ነው የመጣው።

"ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሏል፣ አያስቡ ብሏል።"

"ከሳ?"

"ትንሽ ከስቷል።"

"ወረቀት አልሰጠህም?"

ሹፌሩ ሳቅ አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም። "ልጻፍ ብሎ ብዕር አንሥቶ ነበር እማማ። ከዚያ ማን ያነብላታል፣ ሆዴን ለጎረቤት ለምን አሰጣለሁ ብሎ ተወው። በቃል ንገርልኝ አለኝ።"

"ልክ ብሏል" አሉ እማማ። "ማን ያነብልኛል።"

ሹፌሩ ሲሄድ አጠገባቸው ተንበረከክኩ። እያለቀስኩ ነበር። አድራሻውን ይስጡኝ አልኳቸው፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ ማንበብ እንደሚችሉ እነግረዋለሁ፣ ጥፋቱን በእኔ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ይጻፍልዎታል አልኳቸው።

"ከዚያስ?" አሉኝ። "እሱ አስተማሪ ነው፤ ፊደል የጠፋው ሰው እሱ ከሄደ ወዲህ ባለው ሁለት ወር ማንበብ እንደማይችል ያውቃል። ቁጭ ብሎ ያሰላዋል። ያኔ ድንጋይ ያለኝ ቀን ትዝ ይለዋል። እዚያ በረሃ ላይ፣ ብቻውን፣ ይህን ይዞ እንዴት ያድራል?"

"እርስዎስ?"

እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝና ፊቴን ቀና አደረጉት።

"አልፈሻል አይደል?"

"አልፌያለሁ።"

"እንግዲያው ወረቀቱ ይቅርብኝ" አሉና ዋጋ ወደምትጠይቃቸው ሴት ዞሩ።